«ካስል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ትርጉሙ፣ አጠቃቀሙና አመጣጡ (ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ «ካስል»ን ከብዙ ቃላት ቀድሞ ይሰማዋል። አስጎብኚው ይለዋል፣ የሆቴል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ እንግዳው ከባጃጅ ወርዶ መጀመሪያ የሚጠይቀውም እሱን ነው። በብዙ ሰው አፍ የሚዘዋወር ቃል ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፤ አነባበቡ ይጣመማል፣ ለማይሆን ሕንፃ ይሰጣል፣ ከሌላ ቃል ጋር ይምታታል። እዚህ የሰበሰብናቸው ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን የጻፍናቸው እንደሚነበቡት አድርገን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካስል» በትክክል ምን ማለት ነው?

መኖሪያም መከላከያም የሆነ ሕንፃ ማለት ነው። ንጉሥ ወይም መስፍን ከቤተሰቡና ከአሽከሮቹ ጋር ይኖርበታል፤ ጠላት ሲመጣ ደግሞ በሩን ዘግቶ ይመክትበታል። ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ማማ አለው፣ ዙሪያውን ቅጥር ይከበዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ቃሉም ይላላል። ወታደር ብቻ የሚሰፍርበት ከሆነ ሌላ ስም አለው፤ ንጉሥ የሚኖርበት ሆኖ ለውጊያ ያልተሠራ ከሆነም እንዲሁ።

የታሪክ ሰዎች ቃሉን ጠበብ አድርገው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለነበሩት የመሳፍንት ምሽግ ቤቶች ይጠቀሙበታል። በተራው ንግግር ግን ከአውሮፓ ውጭ ላሉትም ይሠራል። ጃፓን ውስጥ ያለውን የሂሜጂ ሕንፃ ዓለም ሁሉ «ሂሜጂ ካስል» ይለዋል። ስለዚህ «ካስል የአውሮፓ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚለው ክርክር በእንግሊዝኛው ልማድ አይደገፍም።

ከ«ፓለስ»፣ ከ«ፎርት»፣ ከ«ፎርትረስ» እና ከ«ሲታደል» በምን ይለያል?

«ፓለስ» ቤተ መንግሥት ነው፦ ሰፊ አዳራሽ፣ የእንግዳ መቀበያ፣ ክብርና ምቾት። ቃሉ የመጣው ከሮም ኮረብቶች አንዱ ከሆነው ከፓላቲን ነው፤ ቄሣሮቹ ይኖሩ የነበሩት እዚያ ላይ ነበር። ለ«ፓለስ» ምሽግ መሆን ግዴታ አይደለም።

«ፎርት» የወታደር ነው። የጌታ መኖሪያነት የለበትም። «ፎርትረስ» ከእሱ ይሰፋል፤ ትልቅ ምሽግን ወይም በተፈጥሮው ለመከላከል የተመቸ ቦታን ይገልጻል። የአፄ ቴዎድሮስን መቅደላ ለእንግዳ ሲያስረዱ የሚስማማው ይህ ቃል ነው፤ «ማውንተን ፎርትረስ» ቢሉ ሰሚው ገደላማውን አምባ ወዲያው ያየዋል። «መቅደላ ካስል» ቢሉት ግን የሌለ የድንጋይ ቤት ይሥላል። «ሲታደል» ደግሞ ከተማ ውስጥ ወይም ከከተማ በላይ ያለ፣ ሌላው ሁሉ ሲያዝ መጨረሻ ላይ የሚገባበት ምሽግ ነው።

«ታወር» ማማ ነው። የካስል አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል፣ ለብቻውም ሊቆም ይችላል።

ታዲያ የፋሲል ግንብ «ካስል» ነው ወይስ «ፓለስ»?

በብዛት የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱን ከሕንፃው ላይ ማንበብ ይቻላል።

አፄ ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667 ነገሡ፤ ጎንደርን ዋና ከተማቸው ያደረጉት በ1636 ነው። ግንባቸውን ከፊት ለፊት ቆመው ይመልከቱት። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ክብ ማማዎች አሉ፤ እያንዳንዱ አናቱ ላይ እንደ እንቁላል የሾለ ጉልላት ደፍቷል። በማማዎቹ መካከል ያለው የሰገነት ጠርዝ እንደ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል። ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ወፍራም ድንጋይ ነው። ይህ ሁሉ የ«ካስል» መልክ ነው፤ ማንኛውም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ገና ሲያየው የሚመጣለት ቃልም እሱ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን አዳራሽ፣ የእንግዳ መቀበያና የጸሎት ክፍል ያገኛሉ። ይህ የንጉሥ ኑሮ የሚመራበት ቤት ነው፤ ሥራው የ«ፓለስ» ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ሚዛናቸው ግን ይለያያል። ስለ ሕንፃው መልክና ስለ አሠራሩ ሲናገሩ «ፋሲለደስ ካስል» ይበሉ። ስለ መንግሥቱ ኑሮ፣ ስለ ግብር ማብላትና ስለ ችሎት ሲናገሩ «ፓለስ» ይሻላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያለዋወጡ መጥራት ግን አይገባም፤ እንግዳው ስለ ሁለት ሕንፃ የሚነገረው ይመስለዋል። ይህ ስህተት በአስጎብኚዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው።

ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁሉ «ካስል» ማለት ይቻላል?

አይቻልም። እኛ በአማርኛ «ግንብ» ስንል በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በዚህ በኩል ቆንቋና ነው። እያንዳንዱን በሥራው መጥራት ይሻላል።

የጻድቁ ዮሐንስ (ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት) ሕንፃ «ላይብረሪ» ነው። የአፄ ዳዊት «ሆል» ወይም «ሃውስ ኦቭ ሶንግ» ይባላል፤ የዜማና የዘፈን አዳራሽ እንደማለት ነው። የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ «ባንኰቲንግ ሆል» ሲሆን አጠገቡ ያለው የፈረሶች ጋጥ «ስቴብልስ» ነው። የአንበሶቹ ቤት «ላየን ኬጅስ» ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ግን መኖሪያ ስለሆነ «ፓለስ» ወይም «ካስል» ቢባል ያስኬዳል፤ እኛ ግቢ ውስጥ ላለውም ቁስቋም ላለውም «ፓለስ»ን እንመርጣለን።

የታላቁ ኢያሱ (ከ1682 እስከ 1706) ግንብ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። በ1704 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል፤ በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ ደግሞ በቦምብ ተመትቷል። የቆመ ግድግዳ ስላለው «ካስል» መባሉ ባይከፋም፣ ያለበትን ሁኔታ የሚገልጸው ቃል «ሩዊንስ» ነው፤ «ዘ ሩዊንስ ኦቭ ኢያሱስ ካስል»። «ሩዊንስ» በዚህ ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥር ነው፤ መጨረሻዋን ኤስ የሚጥል ሰው «ጥፋት» ወደሚለው ሌላ ትርጉም ሊገባ ይችላል።

ጥምቀት የሚከበርበት፣ ውሃው ከቀሃ ወንዝ የሚሞላው ደግሞ «ፋሲለደስ ባዝ» ነው። መካከሉ ላይ ያለውን ባለ ፎቅ ቤት «ካስል» የሚሉ አሉ፤ መጠኑም አሠራሩም የሚፈቅድለት ግን «ፓቪልየን» ነው። ገንዳውን «ስዊሚንግ ፑል» ማለት ፈጽሞ አይገባም። በዓሉን ለማያውቅ እንግዳ ቅዱሱን ውሃ የሆቴል መዋኛ ያደርግበታል።

ግቢውን በሙሉ በአንድ ስም ልጥራው ብልስ?

«ዘ ሮያል ኢንክሎዠር» ይበሉ። የታጠረ የነገሥታት ግቢ ማለት ነው፤ ለእኛው «ግቢ» ከዚህ የቀረበ ቃል እንግሊዝኛ የለውም። ወደ 900 ሜትር በሚጠጋ ቅጥር የተከበበ፣ 12 በሮች የነበሩት ግቢ በነጠላ «ካስል» ሊጠራ አይችልም። «ዘ ካስል ኮምፓውንድ»ም ይሠራል፤ የከተማ ሰው ሲነጋገር ይሰማል። ዩኔስኮ በ1979 ቦታውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የተጠቀመው «ፋሲል ግቢ» የሚለውን የራሳችንን ስም መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ «ፋሲል ግቢ» ብለው ጀምረው «ዘ ሮያል ኢንክሎዠር» ብለው ቢያብራሩ ከሁሉ ይበልጣል።

ቃሉ ሲነበብ ቲ ለምን አይሰማም?

ፊደሎቹ ሲ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤል፣ ኢ ናቸው። ቲ አትነበብም፤ የመጨረሻዋ ኢም አትነበብም። ድሮ ትነበብ ነበር። ኤስ፣ ቲ እና ኤል አንድ ላይ ሲከመሩ ለምላስ ስለከበዱ ከጊዜ በኋላ መካከለኛዋ ድምፅ ወደቀች፤ አጻጻፉ ግን እንዳለ ቀረ። በዚሁ ምክንያት «ሊስን» (አዳምጥ)፣ «ዊስል» (ፉጨት) እና «ክሪስማስ» የሚሉት ቃላት ውስጥም ቲ ትጻፋለች እንጂ አትሰማም።

ለአማርኛ ተናጋሪ አነባበቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ «ካ»ን ይበሉ፤ ቀጥሎ «ስል ቢላዋ» ሲሉ የሚያሰሟትን «ስል» ያስከትሉ። ጉልበቱ «ካ» ላይ ነው። የደቡብ እንግሊዝ ሰዎች «ካ»ን ያስረዝሟታል። አሜሪካኖች ያሳጥሯትና ድምፁን ወደ «ኬ» ያዘነብሉታል፤ «ካት» (ድመት) ሲሉ እንደሚያሰሙት ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል ነው፤ አንዱን ይዞ መዝለቅ ነው።

በእኛ ዘንድ የሚሰሙት ስህተቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው «ካስትል» ነው፤ ይህ ከማንበብ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው «ካስቴል» ሲሆን ከፈረንሳይኛው የቢራና የወይን ጠጅ ስም ጋር መምታታት ነው። ሦስተኛው ኤስን ውጦ «ካትል» ማለት ነው። «ካትል» ከብት ማለት ስለሆነ «የንጉሡን ካትል ላሳይዎ» ያለ አስጎብኚ እንግዳውን ወደ በረት እየጠራው ነው። ቲን ጥሎ ኤስን አጥብቆ መያዝ ይገባል።

በብዙ ቁጥር ሲሆን መጨረሻው ኤስ ተብሎ ቢጻፍም የሚሰማው «ዝ» ነው፤ «ካስልዝ»።

ሲጻፍስ ምን ይበላሻል?

ከሁሉ በላይ መጨረሻው። ኤል ከኢ ይቀድማል፤ ገልብጠው ኢን ከኤል በፊት የሚያስቀድሙ ብዙ ናቸው። የታተመ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ይታያል። ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊት ይህችን ቦታ ብቻ ነጥለው ይዩ።

ሌላው ትልቁ ፊደል ነው። ቃሉ የስም አካል ሲሆን («ፋሲለደስ ካስል») መነሻው በትልቁ ሲ ይጻፋል። በተራ ስምነት ሲመጣ («አንድ የቆየ ካስል») በትንሹ ነው።

«ዘ» የምትለው ቃል መቼ ትገባለች?

እዚህ ላይ የተማረውም ይሳሳታል። የባለቤቱ ወይም የቦታው ስም ቀድሞ «ካስል» ከተከተለ «ዘ» አትገባም። እንግሊዞች «ዊንዘር ካስል»፣ «ኤዲንብራ ካስል» ይላሉ እንጂ ከፊቱ «ዘ» አይጨምሩም። ስለዚህ «ፋሲለደስ ካስል» ትክክል ነው፤ «ዘ ፋሲለደስ ካስል» አይደለም። «ካስል» ቀድሞ በ«ኦቭ» ሲያያዝ ግን «ዘ» ግዴታ ናት፦ «ዘ ካስል ኦቭ ኤምፐረር ፋሲለደስ»። «ሮያል ኢንክሎዠር»ም ያለ «ዘ» አይቆምም።

መስተዋድዱም ትርጉም ይለውጣል። «ኢን ዘ ካስል» ካሉ ከግድግዳው ውስጥ ነዎት። «አት ዘ ካስል» ካሉ እዚያ አካባቢ ነዎት፤ በሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ለእንግዳ ቀጠሮ ሲሰጡ «አት ዘ ካስል ጌት» ብለው በሩን ጨምረው ይናገሩ፤ ከጃን ተከል ዋርካ ሥር የሚጠብቀውንና ግቢ ውስጥ ገብቶ የሚፈልገውን ሰው ከመተላለፍ ታድናለች።

የካስል ክፍሎች በእንግሊዝኛ ምን ይባላሉ? ጎንደር ያሉትስ የትኞቹ ናቸው?

ጥርስ የሚመስለው የሰገነት ጠርዝ «ባትልመንትስ» ነው። ከፍ ያለው ክፍል ተዋጊውን ይሸፍናል፤ ዝቅ ያለው ክፍተት ለመወርወሪያ ያገለግላል። ከመሬት ጀምሮ የሚነሣ ማማ «ታወር» ሲሆን፣ ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ላይ የሚወጣ ትንሹ «ተረት» ይባላል። አነባበቡ ከእኛው የተረትና ምሳሌ ተረት ጋር ስለሚቀራረብ ለማስታወስ አያስቸግርም። ጉልላት «ዶም» ነው። ዙሪያውን የሚከበው ቅጥር «ከርተን ዎል» ይባላል፤ ለጎንደሩ ግን «ኢንክሎዠር ዎል» ይበልጥ ይገልጸዋል። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ እያሳዩ መናገር ይቻላል።

ጎንደር የሌሉትን ማወቅም ያስፈልጋል፤ እንግዳው ይጠይቃልና። «ሞውት» ቅጥሩን የሚከብ፣ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚሞላ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። «ድሮውብሪጅ» በእሱ ላይ የሚዘረጋና በሰንሰለት የሚነሣ ድልድይ ነው። «ፖርትከለስ» ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የበር ፍርግርግ ነው። ሦስቱም የአውሮፓ ካስሎች መለያ ናቸው፤ ፋሲል ግቢ ውስጥ አይገኙም። ለማስደሰት ተብሎ «ነበረ» ማለት አይገባም።

«ደንጅን» የሚለው ቃል ታሪክ ደግሞ መነገር ያለበት ነው። ዛሬ ከምድር በታች ያለ ጨለማ እስር ቤት ማለት ነው። የመጣው ግን «ዶንዦን» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል ሲሆን፣ እሱ የካስሉን ከሁሉ የሚበልጥ ማማ፣ የጌታውን መኖሪያ የሚጠራ ነበር። እስረኛም በዚያው ጽኑ ማማ ሥር ይጠበቅ ስለነበር ስሙ ከላይ ወደ ታች ወረደና እዚያው ቀረ። ለዋናው ማማ እንግሊዞች በኋላ «ኪፕ» የሚል ሌላ ቃል ያዙ።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከላቲን። «ካስትረም» የወታደር ሰፈር ወይም ምሽግ ነው፤ የማሳነሻ ቅርጹ «ካስቴለም» ትንሽ ምሽግ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህን ቃል የተቀበለው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ሮማውያን ብሪታንያን ሲገዙ የሠሯቸው ሰፈሮች ስም ሆኖ ቀረ። በድሮው እንግሊዝኛ «ቼአስተር» ተባለ፤ የከተማ ስም መጨረሻ ሆነ። የእግር ኳስ ወዳጅ ሁሉ በየሳምንቱ ይጠራዋል፦ ማንቸስተር፣ ሌስተር፣ ዶንካስተር። «ቸስተር»፣ «ስተር»፣ «ካስተር» የሚሉት ጭራዎች በሙሉ ያው «ካስትረም» ናቸው።

ቀጥሎ በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ገባ። በላቲኑ ወንጌል «ካስቴለም» መንደርን ይገልጽ ነበርና የእንግሊዝ ካህናት ቃሉን በዚያው ትርጉሙ ወሰዱት። በሆሳዕና የሚነበበውን ማቴዎስ 21፥2ን ያስታውሱ፤ «በፊታችሁ ወዳለችው መንደር ሂዱ» የሚለውን። በ14ኛው መቶ ዘመን ከላቲን በተተረጐመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «መንደር» ባለበት ቦታ የገባው ቃል «ካስቴል» ነው። ያንን የሚያነብ የዛሬ ሰው ደቀ መዛሙርቱ ወደ ምሽግ የተላኩ ይመስለዋል። ይህ ትርጉም ዛሬ ሞቷል።

ዛሬ የምንጠቀምበትን ትርጉም ያመጡት ኖርማኖች ናቸው። ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው በ1066 እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1051 የእንግሊዝ ዜና መዋዕል ላይ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች በሄርፈርድ ምድር ስለሠሩት «ካስቴል» ተጽፏል፤ ቃሉም ነገሩም ለአገሬው እንግዳ ነበር። ኖርማኖቹ ከድል በኋላ አገሩን በካስል ሞሉት። የመጀመሪያዎቹ ታዲያ ዛሬ በሥዕል የምናያቸውን አይመስሉም። አፈር ተቆልሎ ጉብታ ይሠራል፣ ጉብታው ላይ የእንጨት ማማ ይቆማል፣ ከሥሩ በአጥርና በጉድጓድ የተከበበ ግቢ ይኖራል። ጉብታው «ሞት»፣ ግቢው «ቤይሊ» ይባላል። በፍጥነት ለመሥራት የተመቸ ነበር፤ ችግሩ እንጨት መቃጠሉና መበስበሱ ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ በድንጋይ ተተካ።

ኒውካስል የሚባለው ከተማ ስም ከዚህ ዘመን የወጣ ነው። የድል አድራጊው ዊልያም ልጅ ሮበርት በ1080 በታይን ወንዝ ላይ «አዲስ ካስል» አሠራ፤ ከተማውም በዚያው ተጠራ።

ፈረንሳይኛው «ሻቶ» እና የዐረብኛው «ቀስር» ዘመዶቹ ናቸው?

ናቸው። የኖርማኖቹ ቀበልኛ የላቲኗን «ካ» ጠብቆ «ካስቴል» ሲል፣ የፓሪሱ ፈረንሳይኛ «ሻስቴል» አላት፤ በኋላ «ሻቶ» ሆነች። ፈረንሳዮች ሲጽፏት ኤዋ ላይ የሚያኖሯት የቆብ ምልክት የጠፋችውን ኤስ ታስታውሳለች። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይዟል፦ «ካስል» ለምሽጉ፣ «ሻቶ» ደግሞ ለፈረንሳይ ባላባቶች የገጠር ቤትና ለወይን እርሻቸው።

የዐረብኛውን «ቀስር» ሊቃውንት ወደዚያው «ካስትረም» ይመልሱታል። እሱም እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ከሆነችው ከዐረብኛዋ «አል» ጋር ወደ እስፓኝ ተሻግሮ «አልካሳር» ሆነ። የላቲን ቃል በምሥራቅ ዞሮ ወደ ላቲን ልጆች ተመለሰ ማለት ነው።

«ካስቴል» የሚባለው ቢራና ወይን ጠጅስ?

የሰው ስም ነው፤ ድርጅቱን የመሠረተው የፈረንሳዊው የፒየር ካስቴል የቤተሰብ ስም። ሥሩ ከ«ካስል» ጋር አንድ ቢሆንም ስሙ እንደ ፈረንሳይኛው «ካስቴል» ተብሎ ይነበባል፤ ግንቡን ግን እንዲህ ብለው አይጥሩት። ሆቴል የሚሠሩ ልጆች ሁለቱን ለይተው ቢይዙ ትእዛዝ ሲቀበሉ አይሳሳቱም።

«የአፍሪካ ካሜሎት» የሚሉን ምን ለማለት ነው?

ካሜሎት የንጉሥ አርተር ካስል ነው ተብሎ በአውሮፓ አፈ ታሪክ የሚነገርለት ቦታ ነው። ለጎንደር የተሰጠው ለማመስገን ነው፤ እንግዳውም በቅጽበት ይረዳዋል። ለእኛ ግን የሚያጎድል እንጂ የሚጨምር ስም አይመስለንም። ካሜሎት የት እንደነበረ የሚያሳይ ሰው የለም፤ የጎንደር ነገሥታት ግን በስማቸው፣ በዘመናቸውና በቆመ ድንጋይ ይታወቃሉ። እንግዳው ካነሣው ትርጉሙን አስረድቶ ማለፍ ይበቃል።

«ፖርቹጊዝ ካስል» የሚለውን ግን ዝም ብሎ ማሳለፍ አይገባም። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። በኖራ የመገንባቱ ጥበብ ከእነሱ ዘመን ጋር ግንኙነት አለው፤ ዩኔስኮም የባሮክን፣ የሕንድንና የዐረብን ተጽዕኖ ይጠቅሳል። የግንቡ ጌታና አሠሪ ግን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ካስል» ፊት በተለመደው የሚገባው ስም የባለቤቱ ወይም የቦታው ነው። ጉዛራ ያለው የአፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ከፋሲለደስ አስቀድሞ የተሠራ መሆኑም ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ እንግዳ እንፍራንዝ አካባቢ ያገኘዋል።

ቼዝ ላይስ «ካስል» ምንድን ነው?

ጥግ ላይ የሚቆመውን ማማ መሰል መጫወቻ ብዙ ሰው «ካስል» ይለዋል፤ ደንቡ የሚጠራው ግን «ሩክ» ብሎ ነው። በውድድር ላይ «ሩክ» ይበሉ።

ቃሉ ግስም ይሆናል። «ቱ ካስል» ማለት ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ተራ ማንቀሳቀስ ነው፦ ንጉሡ ወደ ሩኩ ሁለት ቤት ይሄዳል፣ ሩኩ ዘሎት ከጎኑ ያርፋል። ይህ የሚፈቀደው ሁለቱም ከዚያ በፊት ካልተንቀሳቀሱ፣ በመካከላቸው ሌላ ከሌለ፣ ንጉሡም አሁን ካልተጠቃና የሚያልፍበትም የሚያርፍበትም ቤት በጠላት ካልተጠቃ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሚያልፍበትን ቤት ነው። በእጅ ሲሠራም መጀመሪያ የሚነካው ንጉሡ ነው፤ ሩኩን ቀድሞ የነካ ተጫዋች በውድድር ላይ ሩኩን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ሊገደድ ይችላል።

በፈሊጥ ውስጥ እንዴት ይገባል?

«ቱ ቢልድ ካስልዝ ኢን ዚ ኤር» ማለት መሠረት የሌለው ትልቅ ነገር ማቀድ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደለም። የእኛው አለኝ ስለሚሉት፣ የማይጠቅም ሀብት ነው። የእንግሊዞቹ ደግሞ ገና ሊሠሩት ስለሚያስቡት ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ስለ ትርፉ የሚያወራን ሰው እንጂ ውጭ አገር ባለ ዘመድ የሚመካን ሰው አይገልጽም።

«አን ኢንግሊሽማንዝ ሆም ኢዝ ሂዝ ካስል» ደግሞ የሕግ መሠረት አለው። በ1604 በታየ ጉዳይ ላይ ኤድዋርድ ኩክ የተባለው የሕግ ሰው ቤት ለባለቤቱ እንደ ካስልና እንደ ምሽግ መሆኑን አሰፈረ፤ ሹም እንኳ ዝም ብሎ ሰብሮ አይገባም ለማለት ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት የቤትን መከበር የሚጠብቀው አንቀጽ 26 ነው። ፈሊጡ ባለቤቱ ቤተሰቡ ላይ እንዳሻው ያዛል ማለት አይደለም፤ እንዲህ አድርገው የሚተረጕሙት ተሳስተዋል።

«ሳንድካስል» ልጆች በአሸዋ የሚሠሩት ነው። «ባውንሲ ካስል» ደግሞ በአየር ተነፍቶ ልጆች የሚዘሉበት ነው፤ አሜሪካኖች ሌላ ስም ስላላቸው በዚህ አይግባቡም።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም «ካስል»ን ምን ልበለው?

እንደ ቦታው ነው። የልጆች ተረት ላይ ልዕልቷ የምትኖርበት ከሆነ «ቤተ መንግሥት» ይስማማል። ጦርነት ላይ ሠራዊት የሚከብበው ከሆነ «ምሽግ» ወይም «አምባ» ይሻላል፤ «አምባ» ግን ተራራውን ጭምር ስለሚያሳይ ሜዳ ላይ ላለ ሕንፃ አይሆንም። ስለ ድንጋይ ሥራው ከሆነ «ግንብ»። «የግንብ አጥር» እና «የግንብ ቤት» የሚሉት የተለመዱ ስለሆኑ ብቻውን «ግንብ» ብሎ መተው አንዳንዴ ያሳስታል፤ «የመስፍኑ ግንብ» ብሎ ባለቤቱን መጨመር ግልጽ ያደርገዋል።

ለእንግዳ ሳስጎበኝ ሳልሳሳት የምናገራቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ስጡኝ።

በሩን እንዳለፉ፦ «ዊ አር ናው ኢን ፋሲል ግቢ፣ ዘ ሮያል ኢንክሎዠር።» አሁን ፋሲል ግቢ፣ በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ነን።

ዋናው ግንብ ፊት ሲደርሱ፦ «ዚስ ኢዝ ፋሲለደስ ካስል። ኢት ሃዝ ፎር ራውንድ ታወርዝ ኤንድ ኤ ዶም ኦን ኢች ታወር።» ይህ የፋሲለደስ ግንብ ነው፤ አራት ክብ ማማዎች፣ በእያንዳንዱም ማማ ላይ ጉልላት አለው።

ወደ ኢያሱ ሲያልፉ፦ «ዚዝ አር ዘ ሩዊንስ ኦቭ ኢያሱስ ካስል።» እዚህ ላይ ብዙ ስለሆነ «ዚስ ኢዝ» ሳይሆን «ዚዝ አር» ነው። «ዚዝ»ን ረዘም አድርገው ይበሏት፤ ካሳጠሯት «ዚስ» ትሆንና ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል።